ወደ ላይ አትውሰዱኝ

የእኛ አገር ሰው ቆላ ወርዶ ሲታመም «ወደ ደጋዬ መልሱኝ» ይላል። እኔ ግን «ወደ ላይ አትውሰዱኝ» ብዬ ለምኜ፣ ልመናዬን የሚሰማ ሳጣ ተሳድቤ፣ ስድቤም አልሰማ ሲል ከቃሬዛ ላይ ራሴን ጥዬ ነው የዳንኩት። ይህን የማወራው ለጉራ አይደለም። ትንሽ ጉራ ቢኖርበትም ምን ቸገረኝ፣ ሞቼ ቢሆን ማን ያወራልኝ ነበር! ዋናው ነገር ግን ደረቱ የተመታ ሰው ይዛችሁ አቀበት የምትወጡ ሁሉ፣ በቃሬዛም ይሁን በመኪና፣ አሁን ደግሞ በሽተኛ በአውሮፕላን ይጫናል አሉ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ጥቂት ቆም እንድትሉ ነው።

አስካለ እባላለሁ። የጎረቤላ ልጅ ነኝ። አባቴ መምሬ ተክሌ እዚያው አንኮበር አጠገብ ባለ ደብር የሚቀድሱ ቄስ ነበሩ። ጣሊያን አንኮበር ላይ ምሽጉን ሠርቶ ሲቀመጥ ባሌ ዱር ገባ፤ እኔም ወደ አባቴ ቤት ተመለስኩ። ታናሽ ወንድሜ ተሰማ እንዳይጠረጠር ከቤት ብዙ አይርቅም ነበርና ገበያ የምወርደው እኔ ነበርኩ። ገብስና ባቄላ ይዤ ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል፣ ጨውና በርበሬ ይዤ ወደ ቤት ሽቅብ። ያን አቀበት ዘፈን እያንጎራጎርኩ የምወጣ ሴት ነበርኩ።

አንድ የገበያ ቀን አውሮፕላን ዝቅ ብሎ በላያችን አለፈ። ቦምብ አልጣለም፤ ሰው ለማስደንገጥ እንዲያው ያደርጉታል። ሰው ደነገጠ፣ ከብቱ ግን አበደ። አንዲት የጨው በቅሎ ጭነቷን አራግፋ ስትፈራገጥ ግራ ጎኔን አገኘችው። ወደቅሁ፣ ተነሳሁ፣ አቧራዬን አራገፍኩ። ከበው የቆሙት «ኧረ በቅሎዋን እዩአት፣ እግሯ ተሰብሮ ይሆናል!» ብለው ሳቁብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ስስቅ ግን ጎኔ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ።

ከቀትር በኋላ ትንፋሼ ግማሽ መንገድ እየሄደ መመለስ ጀመረ። ልስበው እላለሁ፣ እምቢ ይለኛል። ባቄላዬን ሁልጊዜ የምትገዛኝ ደንበኛዬ ዘሃራ፣ የነጋዴው የሰይድ ሚስት፣ ቤቷ አስገብታ አስተኛችኝ። ስተኛ ባሰብኝ፤ ግድግዳ ተደግፌ ተቀመጥኩ። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ። አንዱ «ውጋት ነው» ብሎ በተሰበረው ጎኔ ላይ ዋግምት ተከለብኝ፤ ያን ቀን የጮኽኩትን እነዋሪ ያለ ሰው ሳይሰማው አይቀርም። ሦስተኛዋ «ዓይን ነው» አለች። «እኔን ማን ያየኛል፣ ምን አለኝና?» ብላት፣ «ጥርስሽ» አለችኝ። ይህቺ እስከ ዛሬ ደስ ትለኛለች።

በሦስተኛው ቀን ተሰማ ሦስት ጎረቤቶቻችንን አስከትሎ ቃሬዛ ይዞ ደረሰ። በእኛ ዘንድ ይህ ሕግ ነው። የደጋ ሰው ቆላ ላይ ከታመመ ምን አመመው ተብሎ አይጠየቅም፤ ተሸክሞ ማውጣት ነው። ቆላ ሰው ይበላል፣ ደጋ ያድናል፣ አለቀ። ነገሩም ተቆርጦ ነበር፤ ማታ ጎረቤላ እገባለሁ፣ አባባ የንስሐ አባቴን ጠርተው ይጠብቁኛል፣ በማግስቱ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት። እኔም ያኔ አልተቃወምኩም። እውነቱን ለመናገር የአገሬ ብርድ ናፍቆኝ ነበር።

ከአቀበቱ እግር ኬላ አለ። ያለ ወረቀት ማለፍ የለም። ረፋዱን ሙሉ ከሌሎች በሽተኞች ጋር ተደርድረን ጠበቅን። አጠገቤ እግሩ ያበጠ አንድ ሽማግሌ ነበር፤ ያለችውን ጥላ ለእኔ ለቆልኝ እሱ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም፣ እግዜር ይስጠው። ተራችን ሲደርስ የጣሊያኑ አስተርጓሚ ፊቴን አየት አድርጎ ወረቀቱ ላይ «ወባ» ብሎ ጻፈ።

«ትኩሳት የለኝም» አልኩት።

«ይመጣል» አለኝ።

መውጣት ጀመርን። በመጀመሪያው መታጠፊያ ደህና ነበርኩ። በሁለተኛው ደረቴን አንድ ሰው ከውስጥ የሚገፋኝ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ በወጣን ቁጥር ግፊቱ ባሰ። የአንገቴ ሥር ተገተረ፣ ከንፈሬ ጠቆረ፣ ጣቶቼ በረዱ። ተሰማ ደግሞ ከጎኔ እየሮጠ «አይዞሽ እትዬ፣ አይዞሽ፣ ጥሩው አየር ጋ እየደረስን ነው!» ይለኛል። ጥሩው አየር እየገደለኝ እንደሆነ እንዴት ልንገረው? ለአንድ ቃል የሚበቃ ትንፋሽ አልነበረኝም። ፈራሁ። ባሌ ዱር ሲገባ ያልፈራሁትን ፍርሃት ያኔ ፈራሁ።

አጋማሹ ላይ መንገደኛ የሚያርፍበት ሜዳ አለ። ተሸካሚዎቹ አሳረፉኝ። እዚያ የዘሃራ ባል ሰይድ ማር ጭኖ ወደ አንኮበር ሲወጣ ደረሰብን። ሰላምታውን ሳይጨርስ የማሩን ስልቻዎች አፍ እየዞረ መፍታት ያዘ። እያንዳንዱ ስልቻ ሲፈታ ፍስስ ብሎ ይተነፍሳል።

«ምን እያደረግህ ነው አያ ሰይድ?» አለው ተሰማ።

«አስተነፍሰዋለሁ። ታች አጥብቄ ያሰርኩት ስልቻ እዚህ ሲደርስ ያብጣል። ካላስተነፈስኩት አንኮበር ሳልገባ ስፌቱን ይፈታዋል። አባቴም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው።»

ከሰይድ ጋር ይልማ የሚባል ጫኝ ነበር። ጫኝ ይባል እንጂ ጫኝ አልነበረም። ከወረራው በፊት አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ቁስል የሚያክም፣ በሽተኛ የሚያጓጉዝ ድሬሰር ነበረ፤ አርበኞችን አክመሃል ተብሎ ሲፈለግ አምልጦ በሰይድ በቅሎዎች መካከል ተደበቀ። ይህ ሰው ስልቻውን አየ፣ እኔን አየ፣ ዘሎ መጣ። ጆሮውን ደረቴ ላይ ለጠፈ። ከዚያ አንድ ጣቱን ደረቴ ላይ አሳርፎ በሌላው ጣት መታ መታ አደረገው። በቀኝ በኩል ድፍን ያለ ድምፅ ሰጠ። በግራ በኩል እንደ ከበሮ ጮኸ።

«አውርዷት!» አለ። «ወደ ታች መልሷት! አሁኑኑ!»

«አንተ ደግሞ ማነህ?» አለ ተሰማ።

ይልማ ከመቀነቱ ወፍራም የሐኪም መርፌ አወጣ። ከአንዲት ትንሽ ጠርሙስ አረቄ አፍስሶ አጠበው፤ ሰይድ ፊቱን አዙሮ «እኔ አላየሁም» አለ። በሞት አፋፍ ላይ ሆኜ ይህቺን መስማቴ ይገርመኛል። ይልማ መርፌውን ከግራ አንገቴ አጥንት ወረድ አድርጎ ወጋኝ። ፍስስ አለ። ልክ እንደ ስልቻው! ትንፋሼም ገባ። በሦስት ቀን ውስጥ ሙሉ ትንፋሽ የሳብኩት ያኔ ነው፤ ጣፋጭነቱን ልነግራችሁ አልችልም፣ አለቀስኩ።

ከዚያ ለተሰማ አስረዳው። «የተሰበረው ጎድን ሳንባዋን ቀዶታል። ከሳንባዋ ያፈተለከው ነፋስ ሳንባውና ጎድኗ መካከል ገብቶ ተቋጥሯል፤ መውጫ የለውም። ታች ስንሆን ከላያችን ያለው አየር ከባድ ነው፣ የተቋጠረውን ተጭኖ ትንሽ ያደርገዋል። ወደ ላይ ስንወጣ ጫናው ይቀላል፣ የተቋጠረውም ይሰፋል። እዚያው ያለው ነፋስ ምንም ሳይጨመርበት ቦታ ይጨምራል። ቦታውን ከየት ያመጣል? ከደህናው ሳንባና ከልቧ ይቀማል።»

«አሁን ወጣላት አይደል?» አለ ተሰማ። «እንግዲያው እንሂድ።»

«ቀዳዳው አልተደፈነም። ደግሞ ይሞላል።»

«ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት አለ!»

«ደብረ ብርሃን ከዚህ እጅግ ከፍ ያለ ነው። እዚያ የምታደርሰው ሬሳዋን ነው።»

ተሰማ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ግን አባባን ይፈራል። «አባባ ምን ይሉኛል? እኅትህን እስላም ቤት ጥለሃት መጣህ አይሉኝም? ያለ ንስሐ፣ ያለ ቄስ ብትሞትስ? ተነሱ፣ አንሱ!» አለና የቃሬዛውን ጫፍ ያዘ። ሌሎቹም አነሱ።

እኔ «ወደ ላይ አትውሰዱኝ» አልኩ። አልሰሙም። ለመንኳቸው። ከዚያ በቄስ ልጅ አፍ የማይወጣ ስድብ ሰደብኳቸው፤ «ሕመሙ ነው የሚያናግራት» ተባባሉ። በዚህ ጊዜ የቃሬዛውን ጠርዝ ይዤ ራሴን ወደ ጎን ጣልኩት። አሁንም ሲያወሩት ወደቀች ይላሉ። አልወደቅሁም፣ ወረድኩ! እንደምንም ተቀምጬ ፊቴን ወደ ቁልቁለቱ አዞርኩ።

«ሕይወቴ የእኔ ናት፣» አልኩት ወንድሜን፣ በየቃሉ እየተነፈስኩ። «ሬሳዬን ከፈለግህ እዚህ ጠብቅ። በሕይወት ከፈለግኸኝ ወደ ታች።»

ተሰማ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሰይድ ጭነቱን ለሌላ ሰው አደራ ሰጥቶ የቃሬዛውን አንድ ወገን ራሱ ተሸከመ። ይልማ ከላስቲክ ጓንት አንድ ጣት ቆርጦ፣ ጫፉን በስቶ፣ ደረቴ ላይ የቀረው መርፌ አፍ ላይ አሰረው፤ ነፋስ ሲወጣ ይከፈታል፣ ሊገባ ሲል ይጣበቃል። በየመታጠፊያው ቆም እያሰኘ ከንፈሬን ያያል፣ የልብ ምቴን ይቆጥራል። እንዳልጋደም ከጀርባዬ ጆንያ ደገፈልኝ። ኬላው ስንደርስ አስተርጓሚው «ምነው ተመለሳችሁ?» ሲል፣ «ወባው ታች ቀርቶባት» አለው ይልማ።

ዘሃራ ስታየኝ «ያረቢ!» ብላ ጮኸች እንጂ ለምን መጣሽ አላለችም። በዚያ ቤት ስንት ሳምንት እንደተቀመጥኩ አልቆጠርኩም። ቀኑን በትራስ ተደግፌ እውላለሁ። ሲመሽ ፍርሃቱ ይመጣል፤ ዓይኔን ከጨፈንኩ መተንፈስ የምረሳ ይመስለኝ ነበር። ዘሃራ ይህን ስታውቅ አልጋዋን ከመደቤ አጠገብ አመጣችው። እነሱ ያረዱትን እንደማልበላ ታውቃለችና አዲስ ድስት ገዝታ ሽሮዬንና ምስሬን ለብቻ ትሠራልኝ ነበር። አንድ ቀን ርቦኝ የእነሱ ወጥ ሲሸተኝ ድስቱን አየት አደረግሁ። «ወላሂ አልሰጥሽም!» አለችኝ፤ «አባትሽ ነገ መጥተው ሃይማኖቷን አስጣልሽ ቢሉኝ ምን እላለሁ?»

አስተርጓሚው የጻፈልኝ ወባ ኋላ በእውነት መጣ። ኪኒን ዋጥኩ፣ ጆሮዬ ጮኸ፣ ተንቀጠቀጥኩ። ላይ ደግሞ ወሬው ነደደ። «አላልንም? ቆላ በላት» አሉ። የባሰው ሌላ ነበር፤ «አስካለ ሰለመች» ተባለ። በአንድ ደረት ነፋስ ምክንያት ሃይማኖቴን ቀየሩልኝ! ተሰማ እንኳ ስንቅ ሲያመጣ በር ላይ አስቀምጦ ይሄድ ጀመር። እንዴት እንደተናደድኩ! ንዴቱ ራሱ አቆየኝ ብል አላጋነንኩም።

በመጨረሻ አባባ መጡ። ወደ ቤት አልገቡም፤ በደጃፉ ዳስ ሥር በመቋሚያቸው ጫፍ መሬቱን እየነኩ ቆሙ። «ልጄ፣ እናትሽ አጠገብ ልቅበርሽ» አሉኝ። «እዚህ ብትሞቺ ማን ይፈታሻል?»

«አባባ፣ አልሞትም እኮ ነው የምለው!»

«ይህን የሚያውቀው እሱ ነው።»

ይልማ ከበቅሎዎቹ መካከል ወጥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። «መምሬ፣ ከቅስናው በፊት ደብተራ ሳሉ ከበሮ ይመቱ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ» አላቸው።

«መትቻለሁ። ምን አገናኘው?»

«ጣትዎን እዚህ ያሳርፉ። በሌላው ጣትዎ ይምቱ።»

አባባ ቅር እያላቸው ነጠላዬ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ቀኙን መቱ። ወደ ግራ አለፉ፣ መቱ። ደግመው መቱ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የከበሮ ቆዳ ሲላላና ሲወጠር የለዩ ጆሮዎች ናቸው። ይልማ የሰይድን ስልቻ አሳያቸው፣ ለተሰማ ያለውንም ደገመላቸው። አባባ ነጋዴ ቢነግራቸው፣ ድሬሰር ቢምልላቸው አያምኑም ነበር። ጆሯቸውን ግን መካድ አልቻሉም።

«ይህ እስኪረግብ ትቆያለች» አሉ። ያን ቀን ዘሃራ ቤት ገብተው ውሃ ጠጡ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ ቀድሰው ሰኞ ይወርዳሉ። ጎረቤት ሁሉ ቄሱ ምን ነካቸው ይላል፤ እሳቸው ከሰይድ ጋር ዳስ ሥር ተቀምጠው ስለ በቅሎ ይከራከራሉ። በየሳምንቱ ደረቴን ይመታሉ፣ «ገና ነው» ይላሉ። ይልማ ግን ሊቆይልን አልቻለም። ወታደሮች ስለ እሱ ሲጠይቁ ውለው ነበርና ወደ በረሃው ከሚወርድ ሲራራ ነጋዴ ጋር ሄደ። ሲሰናበተኝ «ሁለቱ ጎን አንድ ድምፅ ከሰጠ በኋላ ሳምንታት ታገሺ። ስትወጪ በየደረጃው እያደርሽ። ትንፋሽሽ ካጠረ ወደ ታች፣ አትከራከሪ» አለኝ። ዳግም አላየሁትም። በሕይወት ካለ፣ እኔም አለሁ በሉልኝ።

አልታገሥኩም። ጥፋቴን ልናገር። ድምፁ ተስተካከለ በተባለ በሳምንቱ የደብራችን ንግሥ ደረሰ። «ሰለመች» ያሉኝ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሲያዩኝ ማየት አማረኝ! አባባን ነዘነዝኳቸው። በቅሎ ላይ ተቀምጬ ወጣን። አጋማሹን አልፈን የጎረቤላ ዛፎች መታየት ሲጀምሩ ደረቴ ጠበበኝ። ዝም አልኩ። ትንሽ ነው፣ ይለፍ ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። አባባ ግን ልጓሙን እየሳቡ ሲሄዱ ከኋላቸው ትንፋሼን ሲያዳምጡ ኖሯል። ቆሙ። በመንገዱ መካከል ጀርባዬን መቱ፣ ጆሯቸውን ለጠፉ።

«ተወጥሯል» አሉ፤ የበቅሎዋን አንገት ወደ ታች አዞሩት።

«አባባ! ቤታችን እኮ ታየ! ንግሡ ያልፈኛል!»

«ይለፍ።»

«ምን ይሉናል?»

«ያሉትን ይበሉ። ሰው ሁሉ ቢስቅብኝ ይሻለኛል።» እኔን ሊወስዱ የመጡት፣ እናትሽ አጠገብ ልቅበርሽ ያሉኝ አባቴ፣ ያንን አቀበት እየሮጡ ቁልቁል ወረዱ። እኔ በንዴት አለቀስኩ። ዘሃራ ቤት ስንደርስ ትንፋሼ ተመልሶ ነበር፤ ይቅርታ ለመጠየቅም በቃኝ።

ሁለተኛ ጊዜ ስንወጣ ሁለት ወር ገደማ ታግሠን ነበር። በሦስት ቀን፣ በየደረጃው እያደርን ወጣን። በየደረጃው አባባ መቱ፣ አዳመጡ፣ «እንሂድ» አሉ። የመጨረሻዋን አቀበት ከበቅሎ ወርጄ በእግሬ ወጣኋት። ማንም አልደገፈኝም፣ እንዲደግፉኝም አልፈለግሁም።

እንግዲህ ምክሬ ይኸው ነው። ደረቱ የተመታን ሰው ስትጭኑ ስንት ሰዓት ያስኬዳል ብቻ አትበሉ፤ ስንት ከፍ ይላል በሉ። የተቋጠረ ነፋስ እንዳለው ለማወቅ ምቱና አዳምጡ። ካለው መውጫ አበጁለት፣ ካልቻላችሁ ዝቅ አድርጉት። በሽተኛው «አትውሰዱኝ» ካለ ደግሞ ሕመሙ ነው የሚያናግረው አትበሉ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ቅጥሩ ሞልቶ ነበር። የሚጠቋቆሙብኝን አንድ በአንድ ዓይናቸውን አየኋቸው። ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ባልቴት አባባ ፊት ቀርበው መስቀል ተሳለሙና ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «መምሬ፣ ልጅዎን በዚያ ሁሉ እስላም መሃል ማን አዳነልዎ?» አሏቸው።

«እግዚአብሔር ነዋ!» አሉ አባቴ። «እኛ እዚህ ላይ ሆነን ስንጠራው፣ እሱ ታች ሰይድ ቤት ነበር።»